መትከል ሌላ፣ ማጽደቅ ሌላ

ክረምት በመጣ ቁጥር አገራችን አንድ ቁጥር ትጠብቃለች። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በ12 ሰዓት ውስጥ ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረን። ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. የአንድ ቀኑ ቁጥር 566 ሚሊዮን ደረሰ። ነሐሴ 17 ቀን 2016 ዓ.ም. የ600 ሚሊዮን፣ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የ700 ሚሊዮን ዕቅድ ተይዞ ሁለቱም ከዕቅድ በላይ መሳካታቸው ተገለጸ። የእነዚህን ቁጥሮች እውነትነት በመጠራጠር ብዙ ተጽፏል፤ በመደገፍም እንዲሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚያ ክርክር ውስጥ ገብቶ አንዱን ወገን መያዝ አይደለም። ቁጥሮቹ ሁሉ ትክክል ናቸው ብለን እንነሣ። እንደዚያም ሆኖ ሐምሌ ላይ የሚቈጠረው ችግኝ እንጂ ዛፍ አይደለም። ጥያቄዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው፦ ሐምሌ ላይ የቈጠርነውን በቀጣዩ ግንቦት ማን ይቈጥረዋል?

ቋንቋችን ለዚህ ጉዳይ የሰጠን ቃል ራሱ አስተማሪ ነው። ተተክሎ ሥር የሰደደን ችግኝ «ጸደቀ» እንለዋለን፤ ነፍሱ የዳነችለትን ሰው የምንጠራበትም ቃል ይኸው ነው። ማንም ሰው በተጠመቀ ዕለት ጻድቅ አይባልም፤ ፈተናውን አልፎ፣ ገድሉን ፈጽሞ እንጂ። የችግኝ ገድል ደግሞ ከመስከረም እስከ ግንቦት ያለው ደረቅ ወቅት ነው። እኛ ግን በጥምቀቱ ቀን ጽድቁን ማወጅ ልማድ አድርገነዋል።

የማስተምረው የገጠር ልማትና የመሬት ፖሊሲ እንጂ የደን ሳይንስ አይደለም። ይሁን እንጂ የጉዳዩ ሀሁ ለማንም ገበሬ ወይም የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ የታወቀ ነው። ተከላ በሐምሌ አይጀምርም። ሥራው የሚጀምረው ከዘር መረጣና ከችግኝ ጣቢያ ነው። በጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት የሚያድግ ችግኝ ከመጠን በላይ ከቈየ ሥሩ ከታች ይጠመዘዛል፤ እንዲያ ሆኖ ከተተከለ ለጊዜው ለምልሞ ቢታይም ዘግይቶ ይሞታል። ከጣቢያው ከመውጣቱ በፊት ውኃውና ጥላው ቀስ በቀስ እየተቀነሰበት ለሜዳው ኑሮ መልመድ አለበት። ጉድጓዱም ክረምቱ ሳይገባ፣ በግንቦት አካባቢ ተቈፍሮ የመጀመሪያውን ዝናብ መጠጣት ይኖርበታል። ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የተተከለ ችግኝ ሥሩን ወደ ታች ለመስደድ ሁለት ወር ከግማሽ ያህል ያገኛል። ነሐሴ መገባደጃ ላይ የተተከለው ግን ከከረጢቱ ጥልቀት ሳያልፍ ፀሐዩ ይጀምረዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ካሜራ የማይቀርጸው ነው። በመስከረም አረሙ መነቀል፣ ዙሪያው መኰትኰት፣ ግርጌው በሣር መሸፈን አለበት። በደጋው ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ይመጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ ከብት ይለቀቃል። በብዙው የአገራችን ክፍል ከአጨዳ በኋላ ማሳውም ተራራውም የጋራ ግጦሽ ነው። እረኛው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ፍየሉን በጥር የሚያበላበት ሌላ ቦታ ስለሌለው ነው። በዚያ ወቅት ተራራ ላይ በአረንጓዴነት የቀረችው ነገር ያቺ ችግኝ ብቻ ናት።

እኔ በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በየዓመቱ በአውቶቡስ ተጭነን ወደ አንድ ተራራ እንሄዳለን። ባለፈው ጊዜ ጉድጓድ ስንቈፍር ከመሬቱ ውስጥ ጥቁር ፕላስቲክ ይወጣ ጀመር። በቀደመው ዓመት ከነከረጢቱ የተቀበረው ችግኝ ቅሪት ነበር። አንድ ተማሪ ፕላስቲኩን ይዞ «ዶክተር፣ ይህኛው በየትኛው ዓመት ሪፖርት ውስጥ ነው ያለው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የቀልድ ይምሰል እንጂ መልሱ ቀላል ነው። አንድ ተራራ ሁለት ጊዜ ከተተከለና ሁለት ጊዜ ከተቈጠረ፣ ሁለት ተራራ ለምቷል ተብሎ ይጻፋል።

በሒሳብ እንየው። መንግሥት የሚገልጸው የጽድቀት መጠን ከ80 በመቶ በላይ ነው። ይህንንም እንዳለ እንቀበል። በአንድ ቀን ከተተከለው 700 ሚሊዮን 20 በመቶው ቢደርቅ 140 ሚሊዮን ችግኝ ሞተ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ የፈሰሰው አፈር፣ ውኃ፣ ፕላስቲክ፣ የጣቢያ ሠራተኛ ደመወዝና የትራንስፖርት ወጪ አብሮ ሞቷል። ጽድቀቱ 50 በመቶ ከሆነ ደግሞ የሚባክነው 350 ሚሊዮን ይሆናል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ትልቅ አገራዊ ፕሮጀክት ያህል ገንዘብ ነው። ስለዚህ ትክክለኛውን የጽድቀት መጠን ማወቅ የተቃዋሚ ወይም የደጋፊ ጉዳይ ሳይሆን የግብር ከፋዩ መብት ነው።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2019 ቱርክ በአንድ ቀን 11 ሚሊዮን ችግኝ ተከልሁ ብላ አወጀች። ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ የአገሪቱ የግብርናና የደን ሠራተኞች ማኅበር ከመረመራቸው ችግኞች እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት መድረቃቸውን ገለጸ፤ ምክንያቱም ወቅቱን ያልጠበቀ ተከላ፣ የውኃ እጥረትና የባለሙያ አለመኖር ነው አለ። መንግሥት በበኩሉ አስተባበለ። ከማስተባበያውም ይልቅ ትኵረቴን የሳበው በዚያ አገር አንድ የሠራተኛ ማኅበር በራሱ ሄዶ መቍጠር መቻሉ ነው።

ወደ ራሳችን ታሪክ ስንመለስ ትምህርቱ ይበልጥ ይጠነክራል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ተጨንቃ፣ ቤተ መንግሥቱ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር በታሰበበት ጊዜ ከተማዋን ያዳናት ባሕር ዛፍ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ያደረጉት ችግኝ ማደልና ዛፍ የተተከለበትን መሬት ከግብር ነፃ ማድረግ ነው። የተከለው ሰው ዛፉ የራሱ እንደሆነ፣ ቈርጦ እንደሚሸጠው ያውቅ ነበር። ስለዚህ ማንም ሳያዘው ጠበቀው። በአንጻሩ በደርግ ዘመን፣ በተለይም ከ1977ቱ ረኃብ ወዲህ፣ ገበሬው በምግብ ለሥራ እየተከፈለው ተራሮችን በችግኝና በእርከን ሸፈነ። ሥራው ከባድና በብዙ ቦታ የሚደነቅ ነበር። ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ብዙዎቹ የወል ደኖች በጥቂት ወራት ውስጥ ተጨፈጨፉ። ጨፍጫፊው ጠላት አልነበረም፤ በገዛ እጁ የተከለው ገበሬ ነበር። ዛፉን የመንግሥት ንብረት አድርጎ ያየው ስለነበር ከመንግሥቱ ጋር አብሮ እንዲወድቅ ፈረደበት። ይህ በደን ታሪካችን ውስጥ ካሉት ምዕራፎች ሁሉ በተደጋጋሚ ሊነበብ የሚገባው ነው ብዬ አምናለሁ።

መልካም አብነት አጥተን አይደለም። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቈተ ተራራ ያገገመው በዋናነት አዲስ ችግኝ በመትከል ሳይሆን፣ ከመሬት በታች በሕይወት የቀሩትን ጉቶዎች እንዲያቈጠቍጡ በመጠበቅና በመግረዝ ነው። ተጠቃሚዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ደኑን ተረከቡ፤ ከካርቦን ሽያጭም ገቢ አገኙ። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ማኅበረሰብ ልቅ ግጦሽን ከልክሎ፣ ውኃውን በእርከንና በጉድጓድ አስርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማትን ተቀብሏል። በልቦለዶቹ የምናውቀው የደን ሳይንስ ምሁር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ያሳየን ነገርም ተመሳሳይ ነው፤ ምእመናኑ በዙሪያው የድንጋይ አጥር ሲሠሩና ከብት ሲከለከል፣ የአገር በቀሉ ዛፍ ዘር ራሱን በራሱ መተካት ይችላል። በአዊ ፋግታ ለኮማ ደግሞ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ግራር ከጤፍ ጋር እያፈራረቀ በገዛ ማሳው ላይ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ ሸጦ፣ መልሶ ሲተክል ወረዳው አረንጓዴ ሆነ። እዚያም ቢሆን በአንድ የዛፍ ዓይነት ላይ መንጠልጠል ዋጋ እንደሚያስከፍል የዋግ በሽታው በቅርብ ዓመታት አሳይቶናል። አራቱም ቦታዎች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፦ ባለቤቱ ይታወቃል፣ ከብቱም መላ ተበጅቶለታል።

«ዘመቻው ቢያንስ ሕዝቡን አነቃቅቷል፤ ልጆቻችን ችግኝ መትከልን ባህል አድርገውታል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እውነት አላቸው፤ ይህን ማቃለል ፍትሐዊ አይሆንም። ነገር ግን ንቃት የሚጸናው በውጤት ነው። በየዓመቱ አንዱን ተራራ የሚተክል ተማሪ ከጊዜ በኋላ የሚማረው ችግኝ መትከልን ሳይሆን ሪፖርት ማሟላትን ነው። ከዚህ የከፋ ትምህርት አንድ ዩኒቨርሲቲ ሊሰጥ አይችልም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለውይይት እንዲሆን አራት ነጥቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ቈጠራው ከሐምሌ ወደ ግንቦት ይዛወር። በየቀበሌው በናሙና፣ ከተካዩ መሥሪያ ቤት ውጪ በሆነ አካል ይቈጠር፤ ውጤቱም ከነቦታው ለሕዝብ ይገለጽ። ተማሪዎቻችን ከመትከል ይልቅ ለመቍጠር ቢላኩ ለእነርሱም ለአገርም ይበጃል።

ሁለተኛ፣ የተከላው ቁጥር ይቀነስና ገንዘቡ ለጥበቃ ይዋል። እስከ 2018 ዓ.ም. 50 ቢሊዮን ለመድረስ የታቀደው ትልም ስሙ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ግማሹን ተክሎ ሁሉንም ማጽደቅ ሁሉንም ተክሎ ግማሹን ከማድረቅ ይሻላል። በዛፍ ብዛት እኩል ነው፤ በወጪ ግን እጥፍ ልዩነት አለው።

ሦስተኛ፣ ከተከላው በፊት ባለቤትነቱ በጽሑፍ ይወሰን። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግልንና የማኅበረሰብን ደን ያውቃል። ጕድለቱ ሕጉ ከተራራው ጫፍ አለመድረሱ ነው። ቀበሌው ችግኙን ሲቀበል የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚቈርጠው፣ ገቢው እንዴት እንደሚከፈል የሚናገር ወረቀት አብሮ ይቀበል።

አራተኛ፣ ስለ ዛፍ ስናወራ ስለ መኖ እናውራ። ሣሩን አጭዶ ከብቱን በግቢ መመገብ እንዲቻል መኖ ካልተዘጋጀ በስተቀር እረኛውን መቅጣት ድህነቱን መቅጣት ነው። ከመኖ ሣርና ከዛፍ ሉሰርን አንድ መደብ ለየችግኝ ጣቢያው ቢጨመር ከብዙ ዘበኛ ይበልጣል።

ከእነዚህ አንዱም ረቂቅ ሳይንስ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የፖለቲካ ፈቃድ ነው፤ ምክንያቱም ግንቦት ላይ የሚገኘው ቁጥር ሐምሌ ላይ ከተነገረው ማነሱ አይቀርም፤ ያነሰ ቁጥር በአደባባይ ለማንበብ ደግሞ ድፍረት ያስፈልጋል። ያን ድፍረት ያገኘ ሹም ከሺሕ ችግኝ የሚበልጥ ነገር ተከለ እላለሁ፤ ገበሬው በሚነገረው ቁጥር ላይ እምነት እንዲኖረው ያደርጋልና። ውድ አንባቢያን፣ እናንተም በመጪው ክረምት ችግኝ ይዛችሁ ስትወጡ ባለፈው ዓመት የተከላችሁት የት እንደደረሰ አብራችሁ ጠይቁ።

ቸር ያሰንብተን።