የሚንቀጠቀጠው ፊደሉ ሳይሆን ሰዓቱ ነው

የአማርኛ ጽሑፍ በኤልኢዲ ሰሌዳ ላይ ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የሚወቀሰው ፎንቱ ነው። "ፊደላችን ለትንሽ ስክሪን አይመችም፤ አሳድገው" ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ማሳያውን በሚያንቀሳቅሰው ሰዓት ላይ ነው። ይህን የማያውቅ ፕሮግራመር ጤነኛውን ፎንት ሲያክም ይኖራል።

በሰሜን ለንደን፣ በሆሎዌይና በጎረቤቱ ካሌዶኒያን ሮድ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት ብርቅ አይደለም። ለአንዱ መስኮት "እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚል ሰሌዳ ልሥራ ብሎ የሚነሳ ወጣት የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፤ 64 በ32 ነጥብ ያለው ፓኔል፣ አንድ ራስበሪ ፓይ እና ባለ 5 ቮልት ፓወር ሰፕላይ። ዩኒኮድ ፊደላችንን በ1999 እ.ኤ.አ. በስሪት 3.0 ስለተቀበለ ጽሑፉን ማስገባት አያስቸግርም። ጣጣው የሚመጣው ሰሌዳው ከበራ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለ ፓኔል ላይ ያለ ነጥብ ሁለት ነገር ብቻ ያውቃል፤ መብራትና መጥፋት። ደብዘዝ ያለ ብርሃን የምናየው ነጥቡ ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለሚበራ ነው። ለዚህ ሥራ በሰፊው የሚታወቀው የሄነር ዜለር ላይብረሪ ብርሃኑን በ11 ቢት ይከፍለዋል። ካልቀየራችሁት በቀር ትንሹ ቢት የሚበራው ለ130 ናኖ ሰከንድ ነው፤ ቀጣዩ እጥፉን፣ ትልቁ ደግሞ 1,024 እጥፉን፣ ማለትም 133 ማይክሮ ሰከንድ ያህል።

አሁን ጂተር የሚባለውን እንመልከት። ጂተር ማለት የሰዓት ምት ከተገቢው ቅጽበት ትንሽ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ምቱን የሚቆጥረው ሶፍትዌር ከሆነ፣ ሊኑክስ በመሃል ለሌላ ሥራ ሲጠራው ምቱ ይዘገያል። መዘግየቱ 1 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው እንበል። ትልቁ ቢት ላይ ለውጡ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ዓይን አያየውም። ትንሹ ቢት ግን ከ130 ወደ 1,130 ናኖ ሰከንድ ይዘላል፤ ወደ 9 እጥፍ መሆኑ ነው! ስለዚህ የሚርገበገቡት ደብዛዛዎቹ ነጥቦች ናቸው።

ፊደላችን የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። "ቡ" እና "ቢ" የሚለዩት በቀኝ በኩል ባለች ትንሽ ቅጥያ ነው፤ አንዷ ወገብ ላይ፣ ሌላዋ እግር ላይ። በ16 ነጥብ ቁመት ስንጽፋቸው ቅጥያዋ አንድ ሁለት ነጥብ ብትሆን ነው። ጠርዙን ለማለስለስ ብለን እነዚያን ነጥቦች ካደበዘዝናቸው የፊደሉን መለያ ለትንንሾቹ ቢቶች አደራ ሰጠን ማለት ነው፤ ጂተር የሚበላውም እነሱን ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ሰሌዳው ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ማለስለሱን ተዉና ቢቱን ወደ 1 አውርዱት፤ ሁሉም ነጥብ ወይ ይበራል ወይ ይጠፋል። ቀለም ከፈለጋችሁ ምቱን ለሃርድዌር ስጡት። የአዳፍሩትን ሰሌዳ በፓይ 4 ወይም ከዚያ በፊት በነበሩት ላይ የምትጠቀሙ ከሆነ ጂፒአይኦ 4ን ከ18 ጋር በአንድ ሽቦ በዩ፤ የፓይውን ድምፅ ግን አጥፉ፤ ያንኑ የጊዜ መቁጠሪያ ይሻማል። አንዱን የሲፒዩ ኮርም ለማሳያው ብቻ ለዩለት። በሽቦው በኩል ደግሞ የክሎክ ሽቦውን አሳጥሩ፣ ግራውንዱን አጠገቡ አስኪዱ፣ የፓይውን 3.3 ቮልት በ74ኤችሲቲ245 ወደ 5 አንሱ፣ ቺፑ ሥር 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር አስቀምጡ። ያልጠራ የክሎክ ምት ሁለት ጊዜ ከተቆጠረ መስመሩ በሙሉ አንድ ነጥብ ይንሸራተታል።

"ተዘጋጅቶ የሚሸጥ መቆጣጠሪያ እያለ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን?" የሚል አይጠፋም። ነገ ለሚከፈት ሱቅ እኔም ግዙ እላለሁ። ለተማረ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሆሎዌይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን፣ በአሌክሳንድራ ፓላስ፣ ቢቢሲ የቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው ኖቬምበር 2 ቀን 1936 ነው። የማርኮኒ ኢኤምአይ ባለ 405 መስመር ዘዴ በሰከንድ 10,125 መስመር ይልክ ነበር፤ ከእያንዳንዱ መስመር ጋርም ተቀባዩ የሚከተለው የጊዜ ምልክት ነበረው። በኋላ የመጡት ተቀባዮች አንዷን ምት ብቻ ከማመን ይልቅ የብዙ ምቶችን አማካይ መከተል ጀመሩ፤ በጩኸት የተበላሸች አንዲት ምት ምስሉን እንዳትቀደው። ዛሬ በየቺፑ ውስጥ ያለው ፒኤልኤል የሚሠራውም በዚሁ ሐሳብ ነው። ስክሪን ከጅምሩ የጊዜ ጥበብ ነው፤ ብርሃኑ የሚከተለው ሰዓቱን ነው።

እኛ ግን የአማርኛን ሶፍትዌር ስናስብ ኪቦርድና ፎንት ላይ እንቆማለን። ከዚያ በታች ያለውን ለሌላ ሰው ከተውነው "ፊደሉ አይመችም" የሚለው ፍርድ ሳይመረመር ይጸናል። ስለዚህ ማሳያ የምትሠሩ ሁሉ ሰሌዳችሁን "ሄሎ" ብላችሁ አትፈትኑት። "በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ" ብላችሁ ጻፉና ከመንገዱ ማዶ ሆናችሁ አንብቡት። "ቡ"ን ከ"ቢ" መለየት ካቃታችሁ ፎንቱን ከመንካታችሁ በፊት ሰዓቱን ለኩ።