ከኮርኒስ በላይ የተገኘው ካርቶን

የአረጋውያንን ዕቃ ለመጣል የምንቸኩል ሰዎች ይህን ወሬ ብንሰማው አይከፋም። በ2024 እ.ኤ.አ. ሦስት አሜሪካውያን ወንድማማቾች ካሊፎርኒያ ውስጥ የሟች እናታቸውን ቤት ሲያጸዱ፣ ከኮርኒሱ በላይ አሮጌ ጋዜጣ የተከመረበት ካርቶን አገኙ። ከሥሩ በ1939 የታተመ የ«ሱፐርማን» ቁጥር 1 ኮሚክ ወጣ። እናትየው ከወንድማቸው ጋር የገዙት ነው፤ ውድ ኮሚኮች አሉኝ እያሉም ለልጆቻቸው ይነግሩ ነበር። በ2025 በጨረታ 9.12 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ሲታተም ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር!

ምን አስወደደው? የልጆች መጽሔት ስለሆነ ተነቦ ይጣላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ለጦሩ ተብሎ አሮጌ ወረቀት ሲሰበሰብ ብዙው አብሮ ሄደ። የተረፈው ጥቂት፣ ንጹሑ ደግሞ የጥቂት ጥቂት ነው።

በቀን መቁጠሪያ ታትመው በየጋራዡ ይሰቀሉ የነበሩት የቆነጃጅት ሥዕሎችም እንዲሁ ናቸው። ጊል ኤልቭግሬን በዘይት ቀለም የሣለው አንዱ በ2011 በ286,800 ዶላር ተሽጧል። (እኔ ሳሎኔ ባልሰቅለውም!) በነገራችን ላይ፣ ገዢው ለአጫራቹ የሚከፍለው ኮሚሽን በእነዚህ ዋጋዎች ውስጥ አለ።

የድሮ ኮሚክ ወረቀት ርካሽና አሲድ ያለው ነው። ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፣ ይፈረፈራል። እንደ መድኃኒት ደረቅ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይፈልጋል። የተቀደደውን በስኮች መለጠፍ ዋጋውን ይጥለዋል። እኛ ነርሶች ቁስል ስናይ እጃችን ወደ ፕላስተር ይሮጣል፤ እዚህ ግን እጅን መሰብሰብ ነው።