ማኅበርተኛው ቤቱ ሲውል መኪናውን ማን ይጠብቃል?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ማኅበር ሲመሠረት እያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ሎሚውን ይዞ ይመጣል፤ ቀኑም በሥራና በጨዋታ ደስ ብሎ ያልፋል። ችግሩ የሚገለጠው ሰው መቅረት የጀመረ ዕለት ነው። አንዱ ታመመ፣ ሁለተኛው ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ፣ ሦስተኛው ፈተና ደረሰበት፣ አራተኛው ትዳር ያዘ። ሁሉም ሲቀር ሎሚውን ጥሎ ስለሚቀር፣ በመጨረሻ ሃምሳው ሎሚ በአንድ ጸሐፊ ጉያ ይከማቻል። እርሱም ጥቂት ቀን ተሸክሞ ይደክመውና ያስቀምጠዋል። ብዙ ማኅበር በጠብ ፈረሰ ይባላል፤ በመቅረት የፈረሰው ግን ይበልጣል።

አንባቢዎች ሆይ፣ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ ዓይነት ማኅበር ነው፤ ይኸውም አሮጌ መኪናዎችን ጠግነውና አሳምረው ለማቆየት የሚሰበሰቡ ሰዎች ስለሚያቋቁሙት ማኅበር ነው። መኪና ስል በመንገድ የሚሮጠውን ብቻ ማለቴ አይደለም። የወፍጮውም ሞተር፣ የውሃ መሳቢያውም፣ የጽሕፈቱና የስፌቱም መኪና አለበት። በአዲስ አበባ አሮጌ ቮልስዋገኖቻቸውን አጥበውና አስጊጠው አብረው የሚንሸራሸሩ ወጣቶች አሉ። ይህች መኪና በዓለም ላይ መሠራቷ በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ካበቃ ወዲህ እንኳ በእኛ አገር ጎዳና መሄዷን አልተወችም።

«አሮጌ ብረት ምን ይጠቅመናል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። አሮጌ መኪና አሠራሩን አይደብቅም። በእንግሊዝ አገር ዶርስሊ በምትባል ከተማ ይሠራ የነበረው ዝግተኛው የሊስተር ናፍጣ ሞተር በደቂቃ 650 ጊዜ ያህል ብቻ ስለሚዞር፣ ተማሪ አጠገቡ ቆሞ የአየሩን መግባትና መታመቅ፣ የናፍጣውን መቀጣጠልና የጭሱን መውጣት በቀላሉ ሊረዳ ይችላል። በሰሌዳ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚደክሙበት ትምህርት እዚያ በሩብ ሰዓት ይገባል። ደግሞም እንደ ነጌሌ ቦረናና እንደ አሬሮ ባሉ ከዋና ከተማ በራቁ የቆላ ከተሞች መለዋወጫ በጠዋት ታዝዞ በማታ አይደርስም። በዚያ አገር የተሰበረን ነገር አሳስቆ የሚያስነሣ እጅ ሀብት ነው፤ እንዲህ ያለው እጅ የሚለማመደውም በአሮጌ ብረት ላይ ነው።

የአንድ መሳቢያ መበላሸት ምን ሊያመጣ እንደሚችል ነጌሌ ቦረና ታስተምረናለች። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በዚያ የሰፈረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደሮችና ባለሌላ ማዕርጎች ዐመፁ። ምግባቸው አስቀድሞ አስመርሯቸው ነበር። በዚያ ላይ የውሃ መሳቢያቸው ተበላሸ፤ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ቢሉም ተከለከሉ። ስለዚህ መኮንኖቻቸውን አሰሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን እንዲያበርዱ የላኳቸውን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለንም ይዘው፣ እነርሱ የሚበሉትን እንዲበሉና የሚጠጡትን እንዲጠጡ አደረጓቸው። ዐመፁ ወደ ሌሎች የጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። መንግሥት በአንድ መሳቢያ ብቻ አይወድቅም፤ ለዚያ አብዮት ብዙ ምክንያት ነበረው። ነገር ግን በደረቅ አገር ውሃ የምታወጣ መኪና ስትቆም፣ ከብረቷ ጋር የሰዎች ትዕግሥትም አብሮ እንደሚሰበር ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ከዚያው ከቆላው ሳንወጣ ደግሞ ሌላ ምሳሌ እንመልከት። ከአሬሮ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዱብሉቅ ቢወርዱ የቦረናን ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች፣ ኤላዎቹን ያገኛሉ። ከእነዚህ ውስጥ ቱላ የሚባሉት ብዙ መቶ ዓመታት ያስቆጠሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹም እስከ 30 ሜትር ይጠልቃሉ። ናፍጣም ሞተርም የላቸውም፤ መኪናቸው ሰው ነው። ጎልማሶች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ይቆማሉ፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ይወራወራሉ፣ ዘፈኑም የእጃቸውን ምት ያስተካክላል። አንዱ ከመካከል ቢጎድል ውሃው ከዚያ አያልፍም።

ታዲያ ይህ ሰንሰለት ይህን ያህል ዘመን እንዴት ሳይበጠስ ቆየ? ሰው ሁልጊዜ ስለሚሰበሰብ አይደለም። ዝናብ በዘነበ ጊዜ ኤላው ይዘጋል፤ ሕዝቡም ከብቱን ይዞ በየሜዳው ወዳለው ኩሬ ይበተናል። ሆኖም ሲበተን ሥርዓቱን አይበትንም። የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ የሚያስጠብቀው አባ ሄሬጋ ይታወቃል፤ ስለ ኤላው የሚመክረው ጉባኤ፣ ኮራ ኤላ፣ ይታወቃል፤ ማን ጉልበት እንደሚያዋጣም ይታወቃል። በጋው ሲመለስ ሰው ተጠራርቶ ደለሉን ይጠርጋል፣ የከብቱን ገንዳ በጭቃ ያበጃል፣ ውሃውም ይወጣል። ጉልበቱን የነፈገ ሰው ከብቱን ሊያጠጣ ሲመጣ ይጠየቃል። እንግዲህ የቦረና ሽማግሌዎች ያወቁት ምሥጢር ይህ ነው፤ መሰብሰብ ሊቋረጥ ይችላል፣ ኃላፊነት ግን አይቋረጥም።

ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። የጽዋ ማኅበር የራሱ አዳራሽ ሳይኖረው ከቤት ወደ ቤት በተራ እየዞረ ይኖራል። እድርተኛ ከቀብር ቢቀር ስሙ ይጠራል፣ መቀጫውንም ይከፍላል። እነዚህን የሠራ ሕዝብ ለሞተርና ለፓምፕ የሚሆን ማኅበር ማኖር ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

ሁላችንም ቤታችን የዋልንበትን ጊዜ አስታውሱ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ሰው ከሰው ራቀ። ብረት ግን ዐዋጅ አይሰማም። ቆሞ የዋለ ሞተር ሲሊንደሩ ይዝጋል፣ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ባትሪው ይሞታል፣ በካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እንደ ሙጫ ይረጋል፣ በጭስ ማውጫው በኩልም አይጥ ገብታ ትወልዳለች። ሰው በሦስት ወር ዕረፍት ይወፍራል፤ መኪና ግን ይከሳል።

የሌሎችን ልምድ እንጨምርበት። በዌልስ አገር ታሊስሊን የሚባል ከ1850ዎቹ ጀምሮ የሠራ ትንሽ የባቡር መንገድ አለ። ባለቤቱ በሞቱ ጊዜ በ1943 ዓ.ም. ፈቃደኞች ማኅበር አቋቁመው ተረከቡት፤ በዓለም ላይ በፈቃደኞች የተያዘ የመጀመሪያው የባቡር መንገድም እርሱ ሆነ። በበሽታው ዘመን መንገደኛ ማመላለሱን ለጊዜው ቢያቋርጥም ማኅበሩ ግን አልፈረሰም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የጎረቤታችን የኤርትራ ነገር ነው። ከምፅዋ ወደ አስመራ የሚወጣው የባቡር ሐዲድ ወደ 118 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በጦርነቱ ምክንያት ሥራው ቆመ፤ ሐዲዱና የብረት መደቡ እየተነቀለ ለምሽግ መሥሪያ ሆነ። ሠራተኞቹም እየቤታቸው ገቡ። ከሃያ ዓመት በኋላ መንገዱ እንደገና ይሠራ በተባለ ጊዜ የተጠሩት እነዚያው ጡረተኞች ነበሩ፤ ከእነርሱም ሰባና ሰማንያ ዓመት የደረሱ ነበሩባቸው። ሐዲዱን ከየምሽጉ ለቅመው፣ በ1930ዎቹ ዓመተ ምሕረት የተሠሩትን የእንፋሎት ባቡሮች በአሮጌው ጋራዥ ፈታተውና ገጣጥመው በ1995 ዓ.ም. ገደማ መንገዱን እስከ አስመራ አደረሱት። እነዚያ ሽማግሌዎች ሃያ ዓመት ቤታቸው ውለዋል፤ ዕውቀታቸውም አብሯቸው ቤት ውሏል። አሥር ዓመት ቢዘገይ ኖሮ ግን ማን ይጠራ ነበር? በድሬዳዋም አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የአሮጌውን ባቡር ሙያ የሚያውቁት ሰዎች ቁጥር በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። ማንም ሳይጠይቃቸው እንዳያልፉ ያሰጋል።

እንግዲህ በአሬሮም ሆነ በነጌሌ፣ በያቤሎም ሆነ በሞያሌ አሥር ሰዎች ተሰብስበው አንድ አሮጌ ሞተር ቢይዙ፣ ሰው መቅረት በጀመረ ጊዜ ምን ያድርጉ? በበኩሌ የሚከተለውን እመክራለሁ።

አንደኛ፣ ቁልፉ የታወቀ ባለቤት ይኑረው። «ሁላችንም እናየዋለን» የተባለ መኪና ማንም አያየውም። በየወሩ አንድ ሰው፣ ለእርሱም አንድ ተተኪ ይሰየም። ከሁለት ሰው በላይ አያስፈልግም፤ ሁለት ሰው ደግሞ በክፉ ቀንም አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ ተረኛው የሚሠራው ይታወቅ። ሞተሩን በማንቬላ ጥቂት ያዙረው። ካስነሣው ግን እስኪሞቅ ድረስ ያሠራው፤ ሁለት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት በዘይቱና በጭስ ማውጫው ውስጥ እርጥበት ስለሚተው ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ቤንዚኑን ያፍስስ፤ የናፍጣውን ታንክ ግን ይሙላው፤ ባዶ ታንክ እርጥበት ያዝላልና። የባትሪውን ገመድ ይንቀል፣ የጭስ ማውጫውን አፍ ይክደን፣ ግራሶ የሚሻውን ቦታ ይቀባ። ይህ ሁሉ የአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ነው። ሲጨርስም በደብተር ላይ ቀኑንና የሠራውን ጽፎ ይፈርም። የሚቀጥለው ተረኛ ደብተሩን ሲያነብ ከማኅበሩ ጋር እንደ ተገናኘ ይቆጠራል።

ሦስተኛ፣ ቤቱ ለዋለው ሁሉ አንዳንድ ሎሚ ይላክለት። ካርቡራቶር በዘንቢል ተይዞ ይሄዳል፤ እቤቱ ሆኖ ያጽዳው። የመንግሥት ሠራተኛው የወር መዋጮውን ይመዝግብ፣ ደብዳቤውንም ይጻፍ። ተማሪው የሞተሩን መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ ይመልስ። ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረውም ከዚያው ሆኖ መለዋወጫ ያፈላልግ። በስልክ ፎቶግራፍ መላላኩ መልካም ነው፤ ፎቶግራፍ ግን ግራሶ አይቀባም።

አራተኛውና ዋናው፣ ሽማግሌውን መካኒክ ጎብኙት። ሞተሩ ሲያስል ምን እንደ ጎደለው በጆሮው የሚለይ ሰው በየከተማው አንድ ሁለት አይጠፋም። ወጣቱ ደብተርና እርሳስ ይዞ፣ «አባባ፣ ይህ ቢሰበርብዎ በምን ይተኩት ነበር?» እያለ ይጠይቃቸው። እርሳቸው የሚነግሩት ብልሃት በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም። ለእርሳቸውም ቢሆን ሰው መጥቶ መጠየቁ ከመድኃኒት ይቆጠራል።

በመጨረሻም የቀረውን ሰው ሁሉ እንደ ከዳተኛ አትቁጠሩት። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና ቆላ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፎ ብዙ ቤተ ሰብ ከብቱን አጥቷል። በዚያን ጊዜ ቤቱ የቀረውን ሰው «ስብሰባ ለምን አልመጣህም?» ብሎ መቅጣት ነውር ነው። መጀመሪያ ሰውየውን ጠይቁት፣ ቀጥሎ ስሙን ከመዝገብ አትፋቁት፣ ከዚያም የሚችለውን ትንሽ ሥራ ስጡት። ስሙ ያልተፋቀ ሰው ቀን ሲያልፍለት ይመለሳል፤ የተፋቀ ግን መንገዱን ይለውጣል።

በአዲስ አበባ ሰባራ ባቡር የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን በዐፄ ምኒልክ ዘመን ባስመጣው፣ በኋላም ተሰብሮ በዚያ በቀረው የመንገድ መዳመጫ ባቡር ነው። ያ መኪና ያተረፈው ስሙን ብቻ ነው። በየከተማችሁ ሰባራ ሞተር፣ ሰባራ ወፍጮ፣ ሰባራ ፓምፕ የሚባል ሰፈር እንዳይበዛ ከፈለጋችሁ፣ የሚቀጥለውን ስብሰባ ሳትጠብቁ በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር አድርጉ፤ ተረኛውን ሰይሙ፣ ደብተሩንም ግዙ።