ነጥብ የማይያዝበት ጥያቄ፦ በራያ ቆቦ የኬሚስትሪ ክፍሎች የተዛባ ግንዛቤን ስለ ማወቅ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የሚማር ተማሪ ባዶ አእምሮ ይዞ ወደ ክፍል አይገባም። በቆቦና በዙሪያው ባለው የራያ ቆላ ያደገ ልጅ «አቶም» የሚለውን ቃል ገና ሳይሰማ ከሰል ሲነድ፣ ጨው በወጥ ውስጥ ሲሟሟ፣ የማሽላ ሊጥ ሲቦካ አይቷል። ስለ እያንዳንዱም የራሱ ማብራሪያ አለው። ማብራሪያው ለዕለት ኑሮ ይበቃዋል፤ ከኬሚስትሪ ሕግ ጋር ግን ብዙ ጊዜ ይጋጫል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ አውሱቤል በ1968 እ.ኤ.አ. እንዳስገነዘበው፣ መማርን ከሁሉ አብልጦ የሚወስነው ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነው። መምህሩ ይህን የቀደመ ዕውቀት የሚያይበት መንገድ ከሌለው የሚገነባው መሠረቱን ሳያይ ነው።

«ከሰል ሲነድ አመድ ይቀራል፤ ሌላው ጠፍቷል» የሚለው እምነት አንዱ ምሳሌ ነው። 12 ግራም ካርቦን ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል ከ32 ግራም ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። የጠፋ የመሰለው ነገር በአየር ውስጥ አለ፤ መጠነ ቁሱም ከከሰሉ ይበልጣል። ተማሪው የዚህን ለውጥ እኩልታ ያለ ስሕተት እያመጣጠነ የቤቱን እምነት እንደያዘ ሊቆይ ይችላል። እኩልታው ለፈተና፣ እምነቱ ለኑሮ ሆነው ሳይገናኙ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ቋንቋም የራሱ ድርሻ አለው። በዕለት ንግግር ቅቤ በእሳት «ቀለጠ» እንደሚባለው ሁሉ ስኳርና ጨውም በውሃ ውስጥ «ቀለጠ» ሲባል ይሰማል። ይሁን እንጂ መሟሟት የሁለት ነገሮች መቀላቀል ሲሆን፣ መቅለጥ አንድ ነገር በሙቀት ከጠጣርነት ወደ ፈሳሽነት መለወጡ ነው፤ የገበታ ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በገበያም ሚዛን «ተስተካከለ» የሚባለው መንቀሳቀሱን ሲያቆም ነው። ስለዚህ ተማሪው «ኬሚካዊ ሚዛን» ሲባል ለውጡ ቆመ ብሎ ቢረዳ አይፈረድበትም። በእውነቱ ግን ወደፊትና ወደኋላ የሚሄዱት ለውጦች በእኩል ፍጥነት ይቀጥላሉ እንጂ አይቆሙም።

እንዲህ ያለውን ግንዛቤ ለማወቅ የሚያስችለው መሣሪያ በመምህራን ዘንድ ፎርማቲቭ በሚል ስም የሚታወቀው ገንቢ ምዘና ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘና በየደረጃው እንዲካሄድ ደንግጓል። ዓላማው መልካም ነበር። በአፈጻጸም ግን ተከታታይ ምዘና ብዙ ጊዜ ተከታታይ ፈተና ሆኗል፤ መቶው ነጥብ ለአጭር ፈተና፣ ለቤት ሥራና ለቡድን ሥራ ይከፋፈላል፣ ውጤቱ በማርክ ሊስት ላይ ይሰፍራል፣ ከዚያም ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ይታለፋል። ፖል ብላክና ዲላን ዊልያም በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሰፊ ቅኝት እንዳስረዱት፣ ምዘና ገንቢ የሚባለው የተገኘው መረጃ ቀጣዩን ትምህርት ለማስተካከል ሲውል ነው። መደጋገሙ ብቻውን ገንቢ አያደርገውም።

የችግሩ ሥር ነጥቡ ነው። ነጥብ በሚያዝበት ቦታ ተማሪው የሚጽፈው ያመነውን ሳይሆን መምህሩ የሚፈልገውን ነው፤ ካላወቀም ከጎኑ ካለው ይኮርጃል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ነጥብ ግን መደበቅን ይሸልማል።

ስለዚህ በየምዕራፉ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ያለ ነጥብ ሊጠየቅ ይገባል። ለዚህም በአውስትራሊያ ዴቪድ ትሪገስት በ1988 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ባለ ሁለት ደረጃ ጥያቄ ይመቻል፤ የመጀመሪያው ደረጃ መልሱን፣ ሁለተኛው ምክንያቱን ይጠይቃል። ለምሳሌ «100 ግራም ጨው በ1000 ግራም ውሃ ውስጥ ቢሟሟ የድብልቁ መጠነ ቁስ 1000፣ 1100 ወይስ በመካከል ያለ ይሆናል? ለምን?» ቢባል፣ አንዱ «ጨው ስለሚጠፋ 1000» ሌላው «ጨው ሲሟሟ ስለሚቀል በመካከል» ሊል ይችላል። «1100» ብሎ ምክንያቱን የሚስተውም አይጠፋም፤ ተራ ፈተና የማያየው ይህንን ነው። በማግስቱ የነጋዴ ሚዛን ክፍል ገብቶ ጨውና ውሃው ከመቀላቀላቸው በፊትና በኋላ ቢመዘኑ ያለ ቤተ ሙከራ ክርክሩ ይፈታል። ከዚያም ጥያቄው በስኳርና በሻይ መልኩን ለውጦ ሲቀርብ ግንዛቤው በእርግጥ መለወጡ ይታያል።

የሚነሡት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። ክፍሎች የተጨናነቁ ናቸው፤ ነገር ግን ነጥብ ስለማይያዝ ወረቀቶቹን በምክንያታቸው ዓይነት በሦስት ወይም በአራት ክምር መለየት ብቻ ይበቃል። ተማሪዎች ነጥብ የሌለውን ጥያቄ ችላ ይሉታል የሚለውም እውነት አለው፤ ሆኖም በሰጡት መልስ ምክንያት የነገው ትምህርት ሲለወጥ ሲያዩ ክብር ይሰጡታል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ በመሆኑ ምክንያት መጻፍ ይከብዳል ከተባለ፣ ምክንያቱ በአማርኛ ይጻፍ፤ አለዚያ የሚለካው ኬሚስትሪ ሳይሆን ቋንቋ ይሆናል።

ከሁሉ የከበደው የጊዜ እጥረት ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያለፈበት የራያ ቆቦ ተማሪ ብዙ የትምህርት ጊዜ አጥቷል፤ መምህሩም መጽሐፉን ለመጨረስ ቢቸኩል አያስገርምም። በአገር አቀፍ ደረጃ በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ውጤት መንሥኤ አንድ አይደለም። ነገር ግን መጽሐፉን መጨረስና ተማሪው መረዳቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያስታውሳል። ጊዜ ያጣ ተማሪ የትኛው ምዕራፍ ዳግም እንደሚያስፈልገው ቀድሞ መታወቁ ጊዜን ይቆጥባል እንጂ አያባክንም።

የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና ሱፐርቫይዘሮች ከማርክ ሊስቱ ጋር አንድ ሌላ ነገር ቢጠይቁ ብዙ ይለወጣል፦ «ከተማሪዎቹ መልስ ተነሥቶ ዳግም የተሰጠው ትምህርት የትኛው ነው?» ወልድያ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ የአካባቢው ተቋማትም የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻቸውን አሰማርተው የራያን ልጆች ምክንያቶች በራሳቸው ቃል ቢሰበስቡ፣ ለመምህራን የሚያገለግል የአማርኛ የጥያቄ ስብስብ ማዘጋጀት ይቻላል። ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ በምትገኘው ቆቦ ውሃ በ95 ዲግሪ አካባቢ ለምን እንደሚፈላ የሚጠይቅ ጥያቄ ከዚያ ስብስብ ውስጥ ቦታ ይኖረዋል። የተማሪው ስሕተት ሳይቀጣ የሚነገርበት አሥር ደቂቃ ለኬሚስትሪ ትምህርት ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።