ከካይሮ ኬፕ ታውን፣ በቂርቆስ በኩል

አፍሪካን ከዳር እስከ ዳር የሚያገናኙት ዘጠኝ አውራ ጎዳናዎች እቅድ ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከካዛንቺስ የወጣ መሆኑን የሰፈሩ ልጆች ስንቶቻችን እናውቃለን? በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫው እዚሁ ነው፤ እቅዱንም ከአፍሪካ ልማት ባንክና ከአፍሪካ ኅብረት ጋር ይዞት ቆይቷል። ከዘጠኙ አንዱ ከካይሮ ተነስቶ ኬፕ ታውን ይደርሳል፤ ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መጀመሪያ ሲታሰብ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት አልተካተተችም ነበር።

ይህ መንገድ በመተማ ወደ አገራችን ይገባል። ጎንደርን አልፎ ባሕር ዳር ላይ ዓባይን ይሻገራል፤ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል። ጎጃምን አቋርጦ ከደጀን ወደ በረሃው ይወርድና ዓባይን ዳግም ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። በፍቼና በሱሉልታ አዲስ አበባ ይደርሳል። ከመስቀል አደባባይ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ቂርቆስን ለቆ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፤ የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች፣ ሐዋሳን፣ የጌዴኦን ቡናና እንሰት፣ የቦረናን ግጦሽ እያሳየ ሞያሌ ይደርሳል። ከጤፍ ማሳ እስከ ግመል መንጋ፣ ይህን ሁሉ አገር በአንድ መስመር የሚያሳይ ሌላ መንገድ ያለን አይመስለኝም።

አስፋልቱ አለ። የጎደለው ሰላም ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ እንዲወርዱ ተደርገው ታግተዋል። ለቤተሰቦቻቸውም የማስለቀቂያ ገንዘብ ጥያቄ ደርሷቸዋል። ከመተማ ማዶም ሱዳን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ላይ ናት። ዛሬ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ጎጃም የሚሄድ ሰው ከታሪፉ በፊት የሚጠይቀው «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ ነው። አቅም ያለው በአውሮፕላን ይሄዳል፤ የሌለው ወይ ይቀራል፣ ወይ ነፍሱን ለፈጣሪ ሰጥቶ ይሳፈራል።

ወደ ሰፈራችን ስንመለስ፣ በኮሪደር ልማቱ የካዛንቺስ ጎዳና ሰፍቷል፤ መብራትና የእግረኛ መንገድም አግኝቷል። ጥሩ ነው። ግን ለከተማው ጎዳና የታየው ትጋት ለፍቼና ለደጀን መንገደኛም ይገባዋል። መንግሥት ዜጋው በሰላም ወጥቶ የሚገባበትን መንገድ የማስጠበቅ ግዴታ አለበት። ነፍጥ ያነሳችሁም ወገኖች፣ ተማሪውን፣ ነጋዴውንና ሾፌሩን ከውጊያችሁ አውጧቸው፤ ይለፉ።