ስለ ባለ አራት ጎማ ሞተር ብስክሌት የሆድ ጋሻ

ለጭንጫና ለገደል አገር ሞተር የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጉልበቱና ስለ ዋጋው ነው፤ ጐንበስ ብሎ ሆዱን የሚመለከት ግን ጥቂት ነው። የግዢውን ወረቀት የሚፈርመው ሹም ወይም ባለ እርሻ በቢሮው ይቀመጣል፤ ዘይቱ በድንጋይ ላይ ፈስሶበት ከሰው ርቆ በተራራ የሚያድረው ሠራተኛው ነው። ስለዚህ ከሞተሩ ሆድ ሥር የሚታሰረው ጋሻ፣ እንደ ጌጥ ተቈጥሮ ለሌላ ጊዜ የሚቈይ ሳይሆን፣ ከሞተሩ ጋር በአንድ ወረቀት ሊታዘዝ የሚገባው ነው።

ይህ ዐይነቱ ሞተር ዕድሜው ረጅም አይደለም። ሆንዳ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. ባለ ሦስት ጎማውን በአሜሪካ ይሸጥ ጀመር፤ ሱዙኪም በ1982 ዓ.ም. ባለ አራት ጎማውን አወጣ። ባለ ሦስቱ በቀላሉ እየተገለበጠ ሰው ስለ ጎዳ፣ በ1988 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥትና ፋብሪካዎቹ ተስማምተው አዲሱ እንዳይሸጥ ሆነ። ባለ አራቱ ግን በኒው ዚላንድ ኮረብታ በግ የሚጠብቅ፣ በአውስትራሊያ ከብት የሚከተል የእርሻ ባልደረባ ሆነ። በአሜሪካም በዌስት ቨርጂንያ የከሰል ማዕድን ተራሮች በ2000 ዓ.ም. የተከፈተውን የሃትፊልድ ማኮይን መንገድ የመሰለ፣ ለመዝናናት የሚጋለብበት ስፍራ አለው። ስለ ሆድ ጋሻ ብዙ የተማሩትም እንዲህ ባለው መንገድ ለደስታ የሚጋልቡት ናቸው፤ ለሥራ የሚነዳው ከእነርሱ ቢማር ነውር የለበትም።

የሞተሩ የታችኛው ሣጥን ቀልጦ የተጣለ አሉሚኒዩም ነው። እንዲህ ያለው ማዕድን ድንጋይ ሲመታው መጉበጥን አያውቅም፤ ይሰነጠቃል። ዘይቱ ከዚያ ይፈሳል፤ ነጂውም ሳያይ ጥቂት ከሄደ ሞተሩ ደርቆ ይነክሳል። ከፋብሪካ የሚመጣው መሸፈኛ ብዙ ጊዜ ስስ ፕላስቲክ ስለሆነ ለሣርና ለጭቃ ይበቃ ይሆናል፤ ለቋጥኝ ግን አይበቃም።

ጋሻው ከሦስት ነገር ይሠራል። አሉሚኒዩሙ ውፍረቱ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ቀላል ነው። ከ10 እስከ 13 ሚሊ ሜትር የሚወፍረው ጠንካራ ፕላስቲክ ከውሃ እንኳ ይቀላል፤ በድንጋይ ላይም ይንሸራተታል፤ ነገር ግን በማርሚታው አጠገብ ሙቀት ያለሰልሰዋል። ብረቱ በእኩል ውፍረት ከአሉሚኒዩሙ ወደ ሦስት እጥፍ ይከብዳል፤ ስለዚህም ጋላቢዎች ይንቁታል። ከመሣሪያ ቤት ርቆ ለሚሠራ ሰው ግን ንቀቱ ተገቢ አይመስልም፤ የተሰነጠቀ አሉሚኒዩም ልዩ በያጅ ሲፈልግ፣ ብረቱን የትኛውም የከተማ በያጅ ይጠግነዋልና።

አገጣጠሙን በሚመለከት፣ ሻሲውን መብሳት ማድከም ስለሆነ፣ ጋሻው ፋብሪካው በተወው ቀዳዳ ወይም ቧንቧውን አቅፎ በሚይዝ ማሰሪያ ይታሰር። የቡሎኑ ራስ ከጋሻው ገጽ ወደ ውስጥ ካልገባ፣ የመጀመሪያው ድንጋይ ይላጨዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈታው ሰው አሳሩን ያያል። ጋሻው ከአንድ በላይ ገበታ ከሆነ ደግሞ፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ሲደረብ የላይኛው የታችኛውን እንደሚለብስ፣ የፊተኛው ገበታ ጫፍ የኋለኛውን መጀመሪያ በምድር በኩል ሊያለብሰው ይገባል፤ ተቃራኒው ሲሆን ጠርዙ እንደ ማረሻ ድንጋይ ይቈፍራል። ዘይት የሚቀየርበት ቀዳዳ የሌለው ጋሻ አይገዛ። ሙሉ ቀን ከተነዳ በኋላም ቡሎኖቹ ሁሉ እንደገና ይጠበቁ።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ቸልታ ጋሻውን አስሮ መርሳት ነው። በጋሻውና በሞተሩ መካከል ጭቃ ገብቶ ይደርቃል፤ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፤ ማዕድኑንም ያዝገዋል። በበጋ ደግሞ ደረቅ ሣር ተከማችቶ ማርሚታውን ሲነካ በእሳት ይያያዛል፤ እሳቱም ሞተሩን ብቻ ሳይሆን የቆመበትን ግጦሽ ጭምር ሊያቃጥል ይችላል። የማይፈታና የማይታጠብ ጋሻ ከሌለው ይልቅ የሚያስፈራው ስለዚህ ነው። የሚያዝ ሰው ከጋሻው ጋር ለሠራተኛው ቁልፉን፣ ተተኪ ቡሎኖችን፣ ለማጠቢያውም ጊዜውን ሊሰጠው ይገባል። ጊዜው ብዙውን ጊዜ የሚረሳው ነው።

በመጨረሻም፣ ይህ ጋሻ የሞተሩ እንጂ የነጂው አይደለም። ሆዱ ተሸፍኗል ብሎ ወደ ገደል የሚደፍር ሰው ሞተሩ ሲገለበጥበት ከሥር የታሰረው ብረት አያድነውም። አውስትራሊያ ከጥቅምት 2021 ዓ.ም. ጀምሮ፣ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር፣ አዲስ የሚሸጥ ለአጠቃላይ ሥራ የሚውል ባለ አራት ጎማ ሲገለበጥ ነጂውን ከመጨፍለቅ የሚከላከል መሣሪያ እንዲኖረው በሕግ አዘዘች። አንዳንድ ፋብሪካዎች ሕጉን ከመቀበል ገበያውን መተውን መረጡ። የግዢ ወረቀት የሚፈርም ሰው የሆዱን ጋሻ ካሰፈረ በኋላ፣ ከበታቹ ለዚህም አንድ መስመር ይተው።