ዋካንዳ ፍርድ ቤት የለውም

እስቲ ብላክ ፓንተርን ደግማችሁ እዩትና በዚያ ሁሉ ቫይብራኒየም መሀል አንድ ዳኛ ፈልጉልኝ። የሚበር መርከብ አለ። አገሩን ሙሉ ከዓለም ዓይን የሚሰውር ጋሻ አለ። አከርካሪው ላይ በጥይት የተመታን ሰው በአንድ ቀን የሚያስነሳ ላብራቶሪ አለ። ችሎት የለም፣ መዝገብ ቤት የለም፣ ጠበቃ የለም። ንጉሥ አለ፣ የጎሳ አለቆች ምክር ቤት አለ፣ ጦር የያዙ ሴቶች አሉ። በቃ፣ የፍትሕ ሥርዓቱ ይኸው ነው።

ፊልም መሆኑ አልጠፋኝም። ግን የእኔ ዕድሜ ሰዎች፣ በተለይ እኛ ኮድ ጽፈን የምንበላው፣ ስለ አገር መጨቃጨቅ ስንጀምር መድረሻችን ዋካንዳ ነው። አንድ ብልህና ቅን መሪ፣ ከሥሩ ጎበዝ መሐንዲሶች፣ ማንም የማይደፍረው ድንበር፤ የቀረውን ቴክኖሎጂ ይጨርሰዋል። ይህን በምሳ ሰዓት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ቅኝ ያልተገዛ አፍሪካዊ መንግሥት መሆኑ ደግሞ ከዓድዋ ጋር ስለሚገጥምልን «የኛ ነው» ለማለት አንድ ሐሙስ ነው የቀረን።

በነገራችን ላይ ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ የገባው የካቲት 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸው በተነገረ ማግስት፣ አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀበት ዕለት ማለት ነው። ያኔ ግቢ ተማሪ ነበርኩ። ፊልሙ በፍላሽ ዶርማችን ሲደርስ ስለ ንጉሡ ልብስ ያላወራ አልነበረም፤ ስለ ሕጉ ያወራ ግን አላስታውስም።

የታሪኩ ሥር እኮ የግድያ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኦክላንድ ውስጥ ንጉሥ ቲቻካ ወንድሙን ንጆቡን ገደለው። ንጆቡ ቫይብራኒየም እንዲሰረቅ አግዟል፤ ንጉሡም አገር ቤት ተመልሶ ምክር ቤቱ ፊት እንዲቆም አዘዘው። ንጆቡ የሰለለውን ዙሪን ሊተኩስበት ሽጉጥ ሲመዝ ንጉሡ ቀደመው። እስከዚህ ድረስ አንድ ደህና ጠበቃ «የሰው ሕይወት ለማዳን ነው» ብሎ ቢከራከር ይረታ ይሆናል። የከፋው ቀጥሎ ያለው ነው። አስከሬኑን ትተው፣ ትንሹን ልጅ ኤሪክን ትተው፣ ዙሪን አፉን አስይዘው ሄዱ። ለቤተሰቡ «ጠፋ» ተባለ። እኔ የምሠራበት ቦታ አንድ ሰው ከዳታቤዝ አንዲት መስመር ቢሰርዝ ማን እንደሰረዛት፣ በስንት ሰዓት እንደሰረዛት ሎግ ላይ ይቀመጣል። ዋካንዳ ውስጥ ልዑል ይሰረዛል፤ መዝገቡ የአንድ ሽማግሌ ጭንቅላት ብቻ ነው።

ኤሪክ አድጎ፣ ኪልሞንገር ተብሎ፣ እጁ ታስሮ ዙፋን ክፍሉ ሲገባ እኔ የሚታየኝ አመልካች ነው። አባቴን ገድላችሁ እኔን ጣላችሁኝ የሚል ክስ ይዟል። የአባቱ ቀለበት አለው። የዓይን ምስክሩ ዙሪ እዚያው አገር በሕይወት አለ። ከዚህ የተሟላ ፋይል ከየት ይመጣል? ፋይሉን የሚቀበል ጠረጴዛ ግን የለም። የንጉሥ ደም ላለው ሰው የተከፈተው በር አንድ ነው፦ ፏፏቴው ጋ ወርደህ ንጉሡን እስኪሞት ወይም እጅ እስኪሰጥ ግጠመው። ኪልሞንገር ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ጥብቅና ልቆምለት አልመጣሁም። ግን ካሳና እውነት ሊጠይቅ የሚችልን ሰው ሥርዓቱ ራሱ እጁን ይዞ ወደ ዙፋኑ መራው። ሌላ መስኮት አልነበረማ!

ከነገሠ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ለንጉሥ ኃይል የሚሰጠውን ተክል ሁሉ አቃጥሉ አለ፤ ለማመንታት የሞከረችውን ሴት አንገቷን አንቆ አነሳት። ሁለተኛ ፊርማ የለ፣ ይግባኝ የለ፣ ባክአፕ የለ። እኛ ቡድን ውስጥ የአንድ በተን ቀለም ለመቀየር እንኳ ሌላ ሰው አይቶ ማጽደቅ አለበት።

ኦኮዬ፣ የአገሪቱ ምርጥ ጄኔራል፣ እንባዋ እየመጣ ለአዲሱ ንጉሥ ቆመች። ብዙ ሰው በዚህ ይወቅሳታል። እኔ ደግሞ ከሁሉም ሰው ሕጉን በትክክል ያነበበችው እሷ ናት እላለሁ፤ ሕጉ ያሸነፈ ይንገሥ ነውና የሚለው። ቲቻላ ከሞት ተርፎ ሲመለስ «አልሞትኩም፣ እጅም አልሰጠሁም፣ ስለዚህ ግጥሚያው አላለቀም» ዓይነት ነገር ይከራከራል። ጥሩ የሕግ ክርክር ነው፤ የሰበር ችሎት ቢሆን ወራት ይፈጅ ነበር። ኪልሞንገር ግጥሚያ የሚባል ነገር አበቃ አለ፣ ኦኮዬ አላበቃም አለች። የሕግ ትርጉም ጥያቄው ሜዳ ላይ በጦርና በአውራሪስ ተፈታ።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው አንድ ግራም ቫይብራኒየም ሳይኖረው የሠራው ነገር ትዝ ይለኛል። «በሕግ አምላክ!» በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባላል። ዱላ ያነሳ ይቆማል፣ የሚሮጥ ይቆማል። ሁለት የተጣሉ መንገደኞች ያገኙትን አላፊ «ዳኛ ሁነን» ይሉታል፤ የመንገድ ዳኛ ነው። የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ ተቆራኝተው ወደ ችሎት ይሄዳሉ፤ እዚያ ተጠየቅ እየተባባሉ ይሟገታሉ። ዋካንዳ ፏፏቴ አለው፤ ፏፏቴውን የሚያስቆም ቃል ግን የለውም።

ይህን ስል የድሮውን ለማሞካሸት እንዳይመስላችሁ። የእኛም ይግባኝ ወደ ላይ ወጥቶ ወጥቶ የሚያርፈው አንድ ሰው ላይ ነበር። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 4 የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውም የማይነካ መሆኑን ደንግጓል። እንግዲህ አቤቱታህ በራሳቸው ላይ ቢሆንስ? የት ትሄዳለህ? የሆነውን እናውቃለን። ደርግ መጣ። የባለሥልጣናቱን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ሥራ ላይ እያለ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድንና ልጅ እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከመሀላቸው በእውነት የሚጠየቅ ሰው ነበረ ይሆናል፤ የሚከሳቸው ሰውም እውነት ይኖረው ይሆናል። ፋይሉ ሳይዘጋ ሰዎቹ አለቁ። ኪልሞንገር ቲቻላን ከፏፏቴው ሲወረውር የአባቱ ጉዳይ ያው እንዳልተሰማ ነው የቀረው።

አንድ ድርጅት የሁለት ወር ደሞዜን አልከፍልም ብሎኝ ከስሼ ነበር። የፍርድ ቤት ኮሪደር ምን እንደሚመስል የሄደ ያውቀዋል፦ አግዳሚ ወንበር፣ ፎቶ ኮፒ፣ «ዳኛዋ ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ ቀጠሮ፣ ሌላ ቀጠሮ። ሰባት ወር ፈጀ። ሲስተሙን ሳየው እጄን በልቶኝ ነበር፤ በሁለት ሳምንት የተሻለ እሠራላቸዋለሁ። ግን ያ ሥራ አስኪያጅ፣ ቢሮው ስገባ ቀና ብሎ እንኳ የማያየኝ ሰው፣ ስሙ ሲጠራ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመ። የመዝገብ ቁጥር ስለነበረኝ ነው የቆመው። ዳኛዋን ሊያባርራት ቢችል ኖሮ የእኔ ሶፍትዌር ምን ይጠቅመኝ ነበር? ቀጠሮ በኤስ ኤም ኤስ እየላከ ያሸንፈኝ ነበር።

ቲቻላ ጥሩ ሰው ነው ትሉኛላችሁ። ነው። አባቶቹን ፊት ለፊት ተሳስታችኋል ብሏቸዋል። ከዚያስ ምን አደረገ? ንጆቡ የሞተበትን ሕንፃና አካባቢውን ገዝቶ የእርዳታ ማዕከል አቋቋመ። ደግ ሥራ ነው። የንጉሡን ገዳይነት የሚመረምር አካል ግን አልቆመም፣ የግጥሚያው ሕግ አልተነካም፣ እሱ ራሱ ነገ ቢገድል የሚጠይቀው የለም። ኪልሞንገር እየሞተ ሳለ ልታከምህ ሲባል፣ ልታስሩኝ ነው? ብሎ እምቢ አለ። ከዋካንዳ ተቋማት መኖሩን እርግጠኛ የሆነው እስር ቤቱን ብቻ ነው።

ኮሚክሱን የጻፉት ሰዎች ነገሩ ገብቷቸዋል። ታ ነሂሲ ኮትስ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በጻፈው ቅጽ ዋካንዳውያን ራሳቸው በንጉሡ ላይ ያምፃሉ፤ ማን ፈቀደልህ ብለው ይጠይቃሉ፤ ወደ ሕገ መንግሥት የሚወስድ መንገድም ይጀመራል። ሲኒማው ግን እዚያ አልደረሰም። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሁለተኛ ፊልም ንግሥት ራሞንዳ ኦኮዬን በዙፋን ክፍሉ ፊት በደቂቃዎች ውስጥ ከማዕረጓ ገፈፈቻት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ያገለገለች ጄኔራል መከራከሪያዋ ልመና ብቻ ሆነ። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሁሉም ልብሱን ለብሶ ፏፏቴው ጋ ይሰበሰባል፤ ሹሪ የለችም፤ ምባኩ ከመርከቡ ይወርድና ለዙፋኑ መግጠም እፈልጋለሁ ይላል።